ውዝፉ ሲገባ ድጎማው እንዳይወጣ

ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ወይም ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ሳይሰማው የማያልፍ አንድ ወሬ አለ፤ «እከሌ አሜሪካ ላይ ገንዘብ ወረደለት» የሚል። እንዴት እንደ ወረደለት የሚጠይቅ ግን የለም። አንዱ ሎተሪ ነው ይላል፣ ሌላው የመኪና አደጋ ካሳ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ በልቡ «ለእኛስ ምን ይልክ ይሆን?» እያለ ያሰላል። ከሰሞኑ ወሬው የገዛ ቤተሰቤን ስለነካ ነገሩን ገባ ብዬ ለማየት ተገደድሁ። ገንዘቡ ከየትም አልወረደም። ለወራት ሳይከፈል ሲጠራቀም የቆየ ዕዳ ነው በአንድ ጊዜ የተከፈለው። በአያያዙ ላይ ጥንቃቄ ካልተደረገም ዋናውን ወርኃዊ ድጎማ ይዞት ሊሄድ የሚችል ገንዘብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በአንድ ስም «ዲሳቢሊቲ» የሚሉት ክፍያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ሲከፍል የቆየ ሰው በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ከሥራ ሲወጣ የሚያገኘው ነው፤ ኤስ ኤስ ዲ አይ ይሉታል። ይሄኛው ከእኛ ጡረታ ጋር ይቀራረባል፤ ባንክ ውስጥ ስንት አለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁለተኛው ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረ ሲሆን፣ ዕድሜው 65 ለሞላ፣ ወይም ዐይነ ስውር ወይም አካል ጉዳተኛ ሆኖ ገቢውም ጥሪቱም አነስተኛ ለሆነ ሰው ነው የሚሰጠው። ቀድሞ የሠራበት ዘመን አይጠየቅም። በስደተኝነት የገባ ሰውም፣ ዜግነት ባያገኝ እንኳ፣ ለ7 ዓመት ሊያገኘው ይችላል። በ2026 የፌዴራሉ ክፍያ ለአንድ ሰው በወር እስከ 994 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ደግሞ እስከ 1,491 ዶላር ነው።

ጣጣው ያለው በዚህኛው ላይ ነው። ኤስ ኤስ አይ የሚቀበል ሰው በማንኛውም ወር መጀመሪያ ላይ በስሙ ያለው የሚቆጠር ጥሪት ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ባልና ሚስት ከሆኑ 3,000 ዶላር ነው። አንድ ዶላር ቢያልፍ የዚያ ወር ክፍያ የለም። ሳይታወቅ ተከፍሎ ከሆነም በኋላ ተመላሽ ይጠየቃል። በብዙ ግዛቶች ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች ሕክምና ከዚሁ ክፍያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ኩላሊቱን ለሚታጠብ ወይም የነርቭ መድኃኒት በየወሩ ለሚወስድ ሰው የሕክምናው ስጋት ከገንዘቡ ይብሳል። 12 ወር ተከታታይ ከታገደ ደግሞ ፋይሉ ይዘጋል፤ እንደ አዲስ ማመልከት ሊኖርበት ነው።

ይህ 2,000 ዶላር የሚባል ጣሪያ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በእኛ 1981 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነበር፣ አንድ ዶላርም በባንክ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ያኔ 2,000 ዶላር 4,140 ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ወርኃዊው ክፍያ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ ሲስተካከል ጣሪያው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው የሚታየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከመቶ ሺህ ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ያው 2,000 ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ ቡሬ ላይ ሆኖ «2,000 ዶላር ይዛ ደሃ ነኝ ትላለች!» የሚል ሰው ብናገኝ አይግረመን። ሜሪላንድ ላይ ያ ገንዘብ ከአንድ ወር የቤት ኪራይ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ውዝፉ ከየት ይመጣል? ማመልከቻው ገብቶ፣ የሐኪም ማስረጃ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ ውድቅ ተደርጎ፣ ይግባኝ ተብሎ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ እስኪወሰን ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይሄዳሉ። ውሳኔው «ይገባዋል» ሲሆን ኤስ ኤስ አይ ከማመልከቻው ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ያልተከፈለው ሁሉ ይታሰባል። በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው 18 ወር ጠበቀ እንበል፤ ለስሌት እንዲቀለንም ሁሉንም ወር በ994 ዶላር እንያዘው፣ ሌላ ገቢም የጠበቃ ክፍያም የለበትም እንበል። 17,892 ዶላር ይሆናል። ሰውየው በእነዚህ 18 ወራት ምን ሲበላ ነበር? ከእህቱ ተበድሮ፣ ጓደኛው ሳሎን ተኝቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አዋጥተውለት። ውዝፉ የዚያ ዘመን ደመወዙ ነው። ዛሬ ባንኩ ውስጥ ስለታየ ብቻ የዛሬ ሀብት አይሆንም።

ሕግ አውጪዎቹም ይህን አላጡትም። ሁለት ነገር አድርገዋል። አንደኛ፣ ከወርኃዊው ክፍያ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ወይም የሚበልጥ የኤስ ኤስ አይ ውዝፍ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በስድስት ስድስት ወር ልዩነት ቢበዛ በሦስት ጊዜ ይከፈላል። በምሳሌያችን መጀመሪያ 2,982 ዶላር፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ 2,982፣ ቀሪው 11,928 ዶላር ደግሞ ከሌላ ስድስት ወር በኋላ ይገባል ማለት ነው። ለምግብ፣ ለመጠለያ ወይም ለሕክምና የገባበት ዕዳ ያለው ሰው አስረድቶ የመጀመሪያዎቹን ክፍያዎች ማስጨመር ይችላል፤ ሕመሙ በ12 ወር ውስጥ ለሞት ያደርሳል ተብሎ የሚገመት ሰው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል።

ሁለተኛው የበለጠ ጠቃሚ ነው፤ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የማይሰሙትም እሱን ነው። የገባው ውዝፍ ከገባበት ወር ቀጥሎ ላሉት ዘጠኝ ወራት ከጥሪት አይቆጠርም። በጃንዋሪ የገባ ገንዘብ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ ባንክ ውስጥ ቢቀመጥም ችግር የለውም። ኖቬምበር 1 ሲነጋ ግን የቀረው በሙሉ ይቆጠራል። በሦስት ጊዜ የሚከፈል ከሆነ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ዘጠኝ ወር አለው፤ ስለዚህ የትኛው ገንዘብ መቼ እንደገባ ለይቶ መያዝ የግድ ነው። ኤስ ኤስ ዲ አይም ኤስ ኤስ አይም የሚቀበሉ ሰዎች የኤስ ኤስ ዲ አይ ውዝፋቸው በአንድ ጊዜ ይገባላቸዋል፤ ለእሱም የሚሠራው ይኸው ዘጠኝ ወር ነው። ገንዘቡ ከሌላ ቁጠባ ጋር ከተደባለቀ «ይሄኛው ውዝፍ ነው፣ ይሄኛው አይደለም» ብሎ ማስረዳት ራስ ምታት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዘጠኝ ወሩ የሚጠብቀው ገንዘቡን ነው። በገንዘቡ የተገዛው ነገር ራሱ የሚቆጠር ዓይነት ከሆነ ከተገዛበት ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ይቆጠራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጣጣ ከአሜሪካ ሕግ ይልቅ ከእኛው ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። የሰሜን አቸፈርም ሆነ የጃቢ ጠህናን ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? አይበላውም። ዳጉሳው ከተወቃ በኋላ ጎተራ እንደሚገባው ገንዘቡም አንድ ቦታ መግባት አለበት። ወይ በሬ ይሆናል፣ ወይ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ወይ ፍኖተ ሰላም ላይ ቦታ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ለሚታመን ዘመድ አደራ ይሰጣል። ይህ ጨዋነት ነው፤ ልጆች ሆነን የተመሰገንንበት ነው። ኤስ ኤስ አይ ግን ከዚህ ጋር አይስማማም። በዘጠኝ ወር ውስጥ ለራስህ ኑሮ አውለው፣ ካልሆነ እንደ ባለጥሪት አይሃለሁ ነው የሚለው። አንድ ቆጣቢ ሰው በመቆጠቡ ብቻ የሚቀጣበት ሕግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ቤተሰቤ ልምጣ። የአጎቴ ልጅ ናት። ሱዳንን አቋርጣ፣ ብዙ ዓመት ከርማ አሜሪካ የገባች፣ ጤናዋ ከተጓደለ የቆየ። ውዝፏ ሲገባ መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ ነው፤ ቀጥላ ለእኔ። «አያ፣ ገንዘቡን በአንተ ስም ቡሬ ባንክ ላስገባው? እዚህ ከቆየ ይቆርጡብኛል አሉኝ» አለችኝ። ማን እንዳላት ጠየቅኋት። «ፀጉር ቤት» አለች። ፀጉር ቤት የሚሰጥ የሕግ ምክር ሁልጊዜ ስህተት አይደለም፤ የቆይታ ገደብ እንዳለው በትክክል ነግረዋታል፣ ዘጠኝ ወር መሆኑን ግን አልነገሯትም።

በስሜ እንዳታስገባ ነገርኋት። አንደኛው ምክንያቴ ገንዘቡ እኔ ስም ላይ ቢሆንም የእሷ መሆኑ የማይቀር ነው፤ ስትጠይቀኝ የምመልስላት ከሆነ፣ የተጠየቀች ዕለት «የለኝም» ብላ ስትፈርም መዋሸቷ ነው። አልመልስላትም ካልሁ ደግሞ ስጦታ ነው። የስጦታውም ነገር አለው። ጥሪቱን በነጻ ለሌላ የሰጠ ወይም ከዋጋው በታች የሸጠ ሰው እስከ 36 ወር ድረስ ከኤስ ኤስ አይ ሊታገድ ይችላል። ሦስት ዓመት ማለት ነው። ለደሃ እናት ቤት ማሠራት እንደ መልካም ሥራ ሊታየን ይችላል፤ ቅጹ ላይ ግን የሚጠየቀው «በምላሹ ምን አገኘህ?» የሚል ነው። ስለዚህ ዶላር ከመላክ በፊት ቢሮውን መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይሻላል አልኋት። አልወደደችውም። «እናቴ ትሙት እንግዲህ?» አለችኝ። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አልን።

ይህን ጥያቄ በሕግ አንቀጽ መመለስ አይቻልም። ግን የእናቷ ነገር ራሱ ሁለት ፊት እንዳለው አሰብሁት። አክስቴ ብዬ የምጠራት የአጎቴ ሚስት ሊበን አካባቢ ገጠር ነው ያለችው፤ መክፈል የማይችሉ ከሚባሉት ተመዝግባ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዋ በመንግሥት ይሸፈንላታል። ይህ መድን ሲጀመር በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚያው ጎረቤት ያለው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ አካባቢው ነገሩን ከብዙዎቻችን ቀድሞ ያውቀዋል። መዋጮው የሚሸፈንለትን ድሃ የሚመርጠው ቀበሌው ነው። ባንክ ደብተር የሚያይ የለም፣ 2,000 ዶላር የሚል ጣሪያ የለም። ጣሪያው በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ጣሪያው ነው፤ ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ? በደጇ የታሰረ በሬ አለ ወይስ የለም? ልጅ ውጭ አላት ወይስ የላትም?

እንግዲህ አስቡት። ሜሪላንድ ላይ የገባ አንድ ውዝፍ ልጅቱን ከኤስ ኤስ አይ ዝርዝር፣ እናቲቱን ከነጻ መድን ዝርዝር ሊያስወጣ ይችላል። አዲስ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ከሩቅ ይታያል። የተከፈለው ግን የአንድ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚደገም አይደለም። ቆርቆሮው በሐኪም ቤት ደጃፍ ተነቅሎ አይሸጥም።

ወደ ወሎና ዋግ ኽምራ ብንሄድ ነገሩ በሌላ መልኩ ይገጥመናል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ከፍ ያለ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ትርፍ አምራች በሚባለው ምዕራብ ጎጃም እምብዛም አይታወቅም። ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፈ ይከፈለዋል፤ አካል ጉዳተኛው፣ አዛውንቱና የሚረዳው የሌለው ግን ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ተረጂውን የሚለየው እዚያም ማኅበረሰቡ ራሱ ነው። ክፍያው ይዘገያል የሚለው ደግሞ ከመጀመሪያው አንስቶ ሲነሳ የኖረ ቅሬታ ነው። የሁለትና የሦስት ወሩ ተጠራቅሞ ሲመጣ አካል ጉዳተኛዋ ሴት ዕዳዋን ከፍላ በቀረው ጠቦት ብትገዛ፣ በቀጣዩ ማጣራት ላይ ጎረቤት የሚያየው ጠቦቱን ነው። ሦስት ወር ጦሟን ማደሯን መዝግቦ ያስቀመጠ የለም።

የጎረቤት ዐይን ከአሜሪካው ቅጽ ይሻላል ወይስ ይብሳል? እኔ እንጃ አልልም፤ በአንድ ነገር ይሻላል፣ በሌላው ይብሳል። ይሻላል የምለው፣ ጎረቤት ጠቦቱ ከየት እንደ መጣ ጠይቆ ማወቅና መተው ስለሚችል ነው። ይብሳል የምለው ደግሞ ዘጠኝ ወር የሚባል ነገር ስለሌለው ነው። ቆርቆሮው በተመታ ማግስት «አሁንማ ሀብታም ሆነች» ይባላል። ይህን ለመከላከል ሰው ገንዘቡን ይደብቃል፣ የተደበቀ ገንዘብ ደግሞ መጨረሻው አያምርም።

ለንደን ያለው ወገናችን ከዚህ ሻል ያለ ሕግ አለው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን ድጎማ የሚቀበል ሰው ቁጠባው 6,000 ፓውንድ እስኪሞላ የሚነካው የለም፤ ከ6,000 እስከ 16,000 ባለው መካከል ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ በወር 4 ፓውንድ ከ35 ሳንቲም ገቢ እንዳለው ተቆጥሮ ይቀነስበታል፤ 16,000 ካለፈ ይቋረጣል። የአካል ጉዳት ክፍያ ውዝፍ ግን ለአንድ ዓመት አይቆጠርበትም። ውዝፉ በመሥሪያ ቤቱ ስህተት የመጣና 5,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጊዜው ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ከ2,000 ዶላሩ ጋር ስናነጻጽረው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አሜሪካ ወዳለው እንመለስና፣ ታዲያ በዘጠኝ ወር ውስጥ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ዕዳ ይከፈል። ያበደረችው እህት፣ ሳሎኑን የለቀቀው ጓደኛ፣ የክሬዲት ካርዱ ሁሉ ይዘጋ፤ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ወይም የባንክ ማስተላለፊያ ይኑር። «በእጄ ሰጠሁት» ለዘመድ ይበቃ ይሆናል፣ ለቢሮ አይበቃም። ከዚያ የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና ከጥሪት አይቆጠሩም፤ ስለዚህ ሐኪም ቤት ለመመላለስ መኪና መግዛት ወይም ያለውን ማሠራት ገንዘቡን ወደማይቆጠር ነገር መለወጥ ነው። ለቀብር ተለይቶ የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላርም አይቆጠርም። የእድር ልጆች ለሆንን ለእኛ ይሄኛው ቶሎ ይገባናል መሰለኝ። እቁብ ግን ሌላ ነው፤ ዕጣ ደርሶት ገንዘቡን በስሙ ባንክ አስገብቶ ወር ያሳደረ ሰው ጥሪት አለው ይባላል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ኤብል የሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በወጣ ሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ አካል ጉዳተኛው በስሙ ከፍቶ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ቢያስቀምጥ ለኤስ ኤስ አይ አይቆጠርበትም። በዓመት የሚገባው ገንዘብ ልክ አለው፤ ወጪውም ለመኖሪያ፣ ለትራንስፖርት፣ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ከጉዳቱ ጋር ለተያያዙ ነገሮች ነው። ቀድሞ ጉዳቱ ከ26 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ ሰው ብቻ ነበር የሚፈቀድለት፤ ይህ ብዙ ወገኖቻችንን ያስቀር ነበር፤ በስደት መንገድ ላይ ወይም ሥራ ላይ እያሉ በ30ና በ40 ዓመታቸው የሚጎዱት ብዙ ናቸውና። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ዕድሜው ከ46 በፊት የሚል ሆኗል። የአጎቴ ልጅ ሕመሟ የጀመራት በ33 ዓመቷ ነው። ይህን ስነግራት «ይሄስ ፀጉር ቤትም አልተሰማ» ብላ ሳቀች።

ልጃቸው አካል ጉዳተኛ የሆነ ወላጆችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። የልጁ ውዝፍ ከስድስት ወር ክፍያ ካለፈ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ነው የሚቀመጠው፤ ከጥሪት አይቆጠርም፣ ግን ለሕክምና፣ ለትምህርትና ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ፍላጎት ካልሆነ አይነካም። ከዚያ ሒሳብ አውጥቶ ለአያት መላክ፣ ነገሩ የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ወላጅን ከኪሱ ያስከፍለዋል።

ሌላው የሚረሳው ጉዞ ነው። ውዝፍ ሲገባ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ አገር ቤት ደርሶ መምጣት ነው። 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ኤስ ኤስ አይው ይቆማል፤ ሲመለስም እንደገና 30 ተከታታይ ቀን እዚያ እስኪቆይ አይቀጠልለትም። ለገናና ለጥምቀት መጥቶ «ዐቢይ ጾምን ልያዝና» የሚል ሰው ሁለት ወር ገንዘብ ሊያጣ ይችላል።

የመሬትን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ የጎጃም አንባቢ ይቀየመኛል። ሰዎቹ ከሚጠየቁት አንዱ «በውጭ አገር ንብረት አለህ ወይ?» የሚል ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ በስሙ የተሠራና የሚከራይ ቤት ያለው ሰው አለኝ ማለት አለበት፤ ቤቱ ሊሸጥ ስለሚችል ይቆጠራል፣ ኪራዩም ገቢ ነው። ከአባቱ የደረሰው የእርሻ መሬትስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ጥሪት የሚባለው ደግሞ ሰው ሸጦ ለኑሮው ሊያውለው የሚችለው ነገር ነው። ስለዚህ መሬት አለኝ ብሎ ደብተሩን አያይዞ ሕጉን ማስረዳት እንጂ፣ መደበቅ አያስፈልግም። የእኛ ገበሬ በብዙ የተማረረበት አንቀጽ እዚህ ላይ ጠቀመ ቢባል ማን ያምናል?

በአሜሪካ ምክር ቤት ጣሪያውን ለአንድ ሰው ወደ 10,000፣ ለባልና ሚስት ወደ 20,000 ዶላር ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ በ2022ም በ2023ም ከሁለቱም ፓርቲዎች በተውጣጡ አባላት ቀርቧል፤ ሕግ ግን አልሆነም። ከ1989 ወዲህ ያለው የኑሮ ውድነት ቢታሰብ እንኳ 2,000 ዶላሩ እጥፍ ሆኖ ያንሰዋል። በእኔ አስተያየት ውዝፍን በተመለከተ ከዚህም የቀለለ መፍትሔ አለ፤ መንግሥት ራሱ ያዘገየውን ገንዘብ፣ ላዘገየው ጊዜ ያህል እንዳይቆጥረው ማድረግ። 18 ወር ያስጠበቀ 18 ወር ይታገሥ።

የአጎቴ ልጅ የመጀመሪያው ክፍያዋ ገብቷል፤ ዕዳዋን ከፍላለች፣ የኤብል ሒሳብ ለመክፈት ቅጽ እየሞላች ነው። ለእናቷ መድኃኒት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከወርኃዊው ክፍያዋ ቆጥባ ልካለች፤ ቤቱ ለጊዜው ሣር ክዳን ነው። ሁለተኛው ክፍያ የሚገባበትን ወርና ዘጠነኛው ወር የሚያልቅበትን ቀን ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ጽፋ ለጥፋዋለች፤ በፈረንጁም በእኛም አቆጣጠር።